ሉቺያ አትናገርም

በቅድስት ካታሪና ዕለት፣ ገና አንድ ወር ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ሄርሚና ቦት ጫማዋን ደጅ ላይ አራግፋ የያቮሪንካ ቤተ መጻሕፍት ገባች። ቤተ መጻሕፍት ይባል እንጂ ከመንደሩ ጽሕፈት ቤት ጎን የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት፤ ግማሹ መደርደሪያ መጽሐፍ፣ ግማሹ ደግሞ የመንደሩ የእሳት አደጋ ቡድን ያሸነፋቸው ዋንጫዎች የተደረደሩበት ነው። ጠባቂዋ ሚላዳ እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘርግታ ሹራብ ትሠራ ነበር።

"እማማ ሄርሚና፣ በር ተሳስተው ነው? ፖስታ ቤቱ ቀጥሎ ነው" አለች።

"አልተሳሳትኩም። አንቺ እንግሊዝ አገር አሮጊት ስታስታምሚ አይደል የኖርሽው?"

"ወገቤ እስኪቆረጥ።"

"እንግዲያው አስተምሪኝ። እንግሊዞች አሮጊትን ምን ብለው ነው የሚጠሯት?"

ሚላዳ ሹራቧን ጭኗ ላይ አኖረች። "ደህና ዋላችሁ ማለትን ባስቀድምልዎትስ? ገና ሰላም ሳይሉ?"

"እኔ አልናገርም። መስማት ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ደጉንም ክፉውንም።" ሄርሚና ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሻሿን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች። "ክፉውን እንዳታስቀሪብኝ።"

ሚላዳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። በያቮሪንካ ምክንያቱን የማያውቅ አዲሱ ቄስ ብቻ ነበር፤ እሱም ገና የሚነግረው ስላላገኘ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሄርሚና ጉልበቷን ልትታከም ወደ ፍል ውሃ ሄዳ ሳለ፣ ልጇ ሎይዞ እናቱን ሊያስደስት አስቦ ቤቱን አሳደሰ። ስትመለስ ግድግዳው ላይ ከምድር ቤት ባለ እሳት የሚሞቁ ነጫጭ የብረት ማሞቂያዎች ተሰቅለው አገኘች፤ ባሏ ሽቴፋን በገዛ እጁ የሠራው፣ አረንጓዴ ሸክላ የለበሰው ምድጃ ግን የለም። ሎይዞን የወለደችው ከዚያ ምድጃ አጠገብ ነው። ሽቴፋንም የሞተው የምድጃው አግዳሚ ላይ ጀርባውን እያሞቀ፣ ልክ ሊያንቀላፋ እንደሚሞክር ሰው ነው። ሄርሚና ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ከውጭው በር ላይ እንደቆመች ባዶውን ጥግ አየችና ዞረች። ዝም ብላ ብትዞር ደግ ነበር። ዳሩ ግን ሁለት ጎረቤቶች ከአጥር ማዶ ቆመው እየሰሙ፣ "ከእንግዲህ ሄርሚና በዚህ በር አትገባም። ከዚህ ቤትም ማንም የእኔን በር አያንኳኳ" አለች።

ሎይዞም የእናቱ ልጅ ነውና፣ "እንዳልሽ" ብሎ መለሰ።

በያቮሪንካ በሁለት ጎረቤት ፊት የተባለ ቃል እንደ ሚስማር ነው፤ የመታው ሰው ራሱ ተመልሶ አይነቅለውም። ሄርሚና ሟች እህቷ ትታት በሄደችው፣ ላይኛው ሰፈር ባለች ጎጆ ገባች። ከመስኮቷ ቁልቁል የልጇ ቤት ጭስ ማውጫ ይታያታል። ጠዋት ጠዋት ጭሱ ሲወጣ፣ ተነሥተዋል፤ ማታ ሲቀጥን፣ ተኝተዋል። የልጅ ልጇ ራድካ እንግሊዝ አገር ሄዳ ስታገባም፣ ስትወልድም የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ራድካም ማንም አያንኳኳ የተባለውን ቃል በራሷ ላይ እንደተዘጋ በር ቆጥራ ተቀይማ ቀረች።

አሁን ራድካ ልጇን ይዛ ለገና ልትመጣ ነው። ልጅቷ አይቪ ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር ቋንቋ አታውቅም። ከገና ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በሦስቱ ነገሥታት በዓል ማግስት ይመለሳሉ። ይህን ከሰማች ወዲህ ሄርሚና እንቅልፍ የላትም። ልጅቷን አንዴ ማየት ነበር የምትፈልገው። ሌላም የሚበላት ነገር ነበር። ልጅ ይጠይቃል፤ ያቺ ላይኛው ሰፈር ጭስ የሚወጣባት ጎጆ የማን ናት ይላል። ያን ጊዜ ምን ብለው ነግረዋት ይሆን? በዚያ ቤት እሷ ምን ተብላ ነው የምትጠራው?

ሚላዳ ሻይ ቀድታ ጀመረች።

"መጀመሪያ ጨዋው። ኦልድ ሌዲ። የእኛው አሮጊት እመቤት ማለት ነው።"

"ለማን ነው የሚባለው?"

"ለማያውቁት ሰው። አውቶቡስ ላይ ወንበር ሲለቁላት፣ መንገድ ሲያሻግሯት።"

ሄርሚና ቃሉን በፊደል ሳይሆን በሰው ፊት ነበር የምትይዘው። ኦልድ ሌዲን ባለፈው ዓመት አውቶቡስ ተሳስታ ያቮሪንካ ለወረደችው፣ ሻይ ጠጥታ ለሄደችው፣ ስሟን ማንም ላልጠየቃት ሴትዮ ሰጠቻት።

"ዳውጀር" አለች ሚላዳ። "ባሏ ሞቶ ሀብቱና ማዕረጉ የቀረላት።"

"ኮርኔሊያ። የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ሚስት። እግዚአብሔር ፊት እንኳ የቀበሮ ቆዳዋን ሳታወልቅ ነው የምትንበረከከው።"

"ስፒንስተር። ሳታገባ ያረጀች።"

"መምህርት ኤቴላ። ሳታገባ አረጀች አትበያት እንጂ፤ ያልጠየቃት አልነበረም። ቀጥይ።"

"ኦልድ ባት። አሮጊት የሌሊት ወፍ። ነገር የምትፈልግ፣ የምትጨቃጨቅ።"

ሄርሚና ጥቂት አሰበች። "ይሄ ለጓደኛዬ ለኦርሹላ ይሁን። እንዳትነግሪያት።"

"ኦልድ ትራውት።"

"ትራውት ያልሽው፣ ወንዛችን ውስጥ ያለው ዓሣ?"

"እሱው።"

"ከዓሣ ሁሉ መልከ መልካሙ? ጎኑ በቀይ ነጠብጣብ ያጌጠው?"

"እነሱ ለስድብ ነው የሚሉት፣ እማማ ሄርሚና።"

"እንግዲያው ዓሣ አያውቁም" አለችና በሻይዋ ላይ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። "ክፉዎቹስ?"

ሚላዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ክሮን አለ። ሃግ አለ። ዊች አለ። የእኛው ስትሪጋ፣ ጠንቋይቷ፣ ማለት ናቸው፤ ወተት ከላም ጡት የምትሰርቀው፣ ልጅ የምታስፈራው። መጠናቸው ይለያይ እንጂ መንገዳቸው አንድ ነው።"

ሄርሚና እነዚህን ለማንም አልሰጠቻቸውም። በአፏ ሳይሆን በጥርሷ መካከል ደጋግማ አለቻቸው፤ ክሮን፣ ሃግ፣ ዊች፤ ሲመጡ ድምፃቸውን እንድታውቅ።

"ደግ ቃልስ የላቸውም?"

"ግራኒ። የእኛ ስታርካ። የሚወዷትን አያት ነው።"

ግራኒንም ለማንም አልሰጠችም። ለገና ዋዜማ ራት በሌለ ሰው ስም ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጠው ባዶ ሳህን፣ ለብቻዋ አኖረቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩን ስታቋርጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ኮርኔሊያን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አይታ ዳውጀር፣ መምህርት ኤቴላን ከወፎቿ ጋር መስኮት ላይ አይታ ስፒንስተር ትላለች። ሰው፣ "አሮጊቷ መጸለይ አብዝታለች" አለ። ጊዜውም ለዚህ የሚመች ነበር። ከካታሪና አንሥቶ ከገና በፊት እስከሚውለው የሉቺያ ዕለት ያሉት ቀናት የስትሪጋዎች ናቸው፤ ነጭ ሽንኩርት በበር የማይሰቅል ቤት የለም፤ በከንፈሩ የማያነበንብ አሮጊትም የለም።

የዓመቱን ላባ የሚገፍፉት በኦርሹላ ወጥ ቤት ነበር። በብርዱ ወራት የያቮሪንካ ሴቶች ተሰብስበው የዝይ ላባ ከግንዱ ይገፍፋሉ፤ ለስላሳው ለሙሽራ ብርድ ልብስና ትራስ ይሆናል። የዚያ ዓመት ላባ ለየትኛዋ ሙሽራ እንደሆነ ማንም በውል አያውቅም፤ በመንደሩ የምታገባ ልጅ ከጠፋች ሰነባብታለች። ግን ዝይ ካለ ላባ አለ፤ ላባ ካለ እጅ ሥራ አይፈታም። ኦርሹላ ቀጭን ናት፤ ቤታ ደግሞ ሰፊ ናት፤ ሄርሚና በመካከላቸው ትቀመጣለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አቀማመጣቸው ይሄው ነው።

"አንቺ ከንፈርሽ ምን ሆኗል?" አለች ኦርሹላ። "ጥንቸል ይመስል።"

"እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው።"

ቤታ ስትስቅ ፊቷ ያለው ላባ ሁሉ ተነሥቶ በረረ። "ሳቅሽን ያዢ፣ የአብ ያለህ" አለች ኦርሹላ ላባውን በመዳፏ እያሳደደች። "እንደ ድንቢጥ ነሽ፣ የገባሽበትን ሁሉ የምትበትኚ። ምን ተማርሽ፣ ሄርሚና? እስቲ እኔን ስደቢኝ።"

"ኦልድ ትራውት።"

"ምን ማለት ነው?"

"ዓሣ።"

"ይሄ ስድብ ነው?" ኦርሹላ ደስ አላት። "ቤታንስ?"

"ኦልድ ሌዲ።"

"እሱስ?"

"የማይታወቅ ሰው።"

"እኔን? በዚህ ወገብ?" አለች ቤታ። "እኔን ከሁለት መንደር ማዶ ያውቁኛል።"

ሳቁ ሲበርድ ወደ ላባቸው ተመለሱ። ከዚያ ቤታ አይኗን ሳታነሣ፣ "ልጅቷ ትናንት መጥታለች" አለች። "ፀጉሯ ቀይ ነው አሉ።"

የሄርሚና ጣቶች አንዲት ላባ ላይ ቆሙ።

"የሉቺያ ማታ ደርሷል" ቀጠለች ቤታ። "አንሶላሽን አጥበሻል?"

"ከሰባት ዓመት ወዲህ ሉቺያ ሆኜ ወጥቼ አላውቅም። ታውቂያለሽ ለምን እንደሆነ። ቤት መዝለል ክልክል ነው፤ እዚያ ቤት ደግሞ አልገባም።"

"ምን ነበር ያልሽው? ሁለታችንም አጥሩ ጋ ነበርን፣ ሰምተናል። ሄርሚና በዚህ በር አትገባም ነው ያልሽው። ሉቺያ አትገባም ብለሻል?"

ኦርሹላ የገፈፈችውን ግንድ ጣለች። "እውነቷን ነው። ሉቺያ ሄርሚና አይደለችም። ሉቺያ ማንም አይደለችም።"

ሄርሚና ላባውን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሣች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ያን ማታ ቤት ለቤት የምትዞረው የሉቺያ ሕግ ጥቂት ነው፤ ለዚያም ነው ማንም የማይጥሰው። ነጭ ይለበሳል፣ ፊት በዱቄት ይሸፈናል፣ በእጅ የዝይ ክንፍ ይያዛል። ሳይንኳኳ ይገባል። የቤቱ ጥግና የቤቱ ሰው ፊት በክንፉ ይጠረጋል፤ ክፉው ሁሉ ይወጣል። ሉቺያ አትናገርም፤ ከተናገረች ልትጠርገው የመጣችው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በባዶ እጇም ሰው አትነካም። የቤቱ ሰዎች ደግሞ ለቀልድ ካልሆነ ማንነቷን አይጠይቁም፤ አውቀዋት እንደሆነም በማግስቱ አያነሡትም። እንድትናገር ማሾፍ ግን ይፈቀዳል። ማሾፍ ባይፈቀድማ ኖሮ ወንዶቹ ያን ቀን ቤት አይውሉም ነበር።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እንደገባች ሦስት ነጫጭ ሴቶች ከኦርሹላ ቤት ወጡ። መጀመሪያ የገቡት ሚስቱ የሞተችበት ኢምሮ ዘንድ ነበር። ኢምሮ በደስታ እጁን አፋተገ።

"ይቺ ሸንበቆ ኦርሹላ ናት። ኦርሹላ፣ አፍሽን ዘግተሽ ሳይ ዓለም ልታልፍ ነው ብዬ ፈራሁ። ይቺኛዋ በበሩ በጎን ካልሆነ አትገባም፤ ስለዚህ ስም አልጠራም። ይቺ መካከለኛዋስ? አምና ሁለት አልነበራችሁም?"

ክንፉ ፊቱን ጠረገለት። ኢምሮ ግን ተንኮሉን አዘጋጅቶ ነበር፤ የፕለም አረቄ በትንሽ ብርጭቆ ሞልቶ አቀረበ። በዚያ አገር ብርጭቆ ያነሣ ሰው "ለጤና" ሳይል አይጠጣም፤ ምላስ ከአእምሮ ይቀድማል። ቤታ ብርጭቆውን ተቀብላ አየችው፤ ኢምሮንም አየችው፤ በአንድ ጉንጭ ጭልጥ አድርጋ ብርጭቆውን ራሱ ላይ ደፋችለትና ወጣች።

"ይሄ ሉቺያ አይደለም፣ ዘረፋ ነው" የሚለው ድምፁ እስከ መንገድ ተከተላቸው።

ሌሎች ቤቶች ገብተው ወጡ። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ የሎይዞ ቤት መስኮት ብርሃኑን በረዶው ላይ ጥሎ ታየ። ሄርሚና ቆመች። ኦርሹላ በክንፏ ጀርባዋን ገፋ አደረገቻት።

የውጭው በር ያው ነው፤ መያዣውም ያው። ስትገባ መጀመሪያ ያስተዋለችው ሙቀቱን ነው። ምድጃ ያለበት ቤት ሙቀቱ ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ሰው ሲገባ እግሩ ራሱ ወደዚያ ይወስደዋል። እዚህ ግን ቤቱ ሁሉ እኩል ይሞቃል፤ የት ሄዳ እንደምትቆም አጣች።

ምራቷ ዳሪና የማር ብስኩት ሊጥ ትዳምጣለች። ራድካ በመያዣ ጨርቅ ከኤሌክትሪክ መጋገሪያው ፓትራውን ታወጣለች። ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ወንበር ላይ ተንበርክካ በብርጭቆ አፍ ሊጡን ክብ ክብ ትቆርጣለች። ከፀጉሯ ሥር ሁለት ጆሮዎች ወደ ውጭ ተዘርግተዋል። የሽቴፋን ጆሮዎች ናቸው። ሽቴፋን በሕይወቱ ሙሉ በባርኔጣ ሊሸፍናቸው ሲታገል የኖረው፣ እነዚያው፣ እንግሊዝ አገር ደርሰው ተመልሰው መጥተዋል። ሄርሚና ምላሷን በጥርሷ ያዘች።

ሎይዞ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ፀጉሩ ሸብቷል። መሸበቱን ማንም አልነገራትም።

"ሉቺያዎች እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ። "ሸረሪቷን እንዳትነኩብን። በዚህ ቤት ሥራ የማታቆም እሷ ብቻ ናት።"

"አንተ ብትነሣ እሷ ታርፍ ነበር" አለች ዳሪና ሊጧን ሳትተው።

"ይቺ ወፍራሟ ማን ትሆን? የመንገዱን በረዶ ሁሉ ጠቅጥቃ ነው የመጣችው። መሐንዲስ ቢቀጥራት ይሻለዋል።"

ቤታ ሳቋን ለማፈን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኦርሹላ የመጋረጃውን ጫፍ ጠረገች። ሄርሚና ልጅቷን በቀጥታ ላለማየት ወደ ጓዳው አመራች፤ የጓዳው ጥግ ምን ጊዜም ሸረሪት አያጣውም።

በወጥ ቤቱና በጓዳው መካከል ከፍ ያለ የእንጨት ደፍ ነበር። ሽቴፋን አይጥ እንዳይገባ ብሎ ነው ከፍ አድርጎ የሠራው። ሄርሚና አዲስ ሙሽራ ሆና በገባች ዕለት ሾርባ ይዛ የተደናቀፈችበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ልጅ አዝላም፣ ድንች ተሸክማም፣ እዚያ ስትደርስ እግሯን ሳታስብ አንሥታ ትሻገረዋለች። አሁንም አነሣች። ከፍ አድርጋ አነሣችና ወደ ማዶ ጣለች።

ደፉ ግን የለም። ወለሉ ልሙጥ ነው። ምንም የሌለበትን ተሻግራ የጓዳውን መቃን ይዛ ቆመች።

የሎይዞ ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ። ብርጭቆውን አኖረ። ሄርሚና ጀርባዋን ሰጥታ ስለቆመች ፊቱን አላየችም፤ ግን የአንድ ልጅ ዝምታ ለእናቱ ፊት ነው። እዚያ ቦታ ላይ እግሩን የሚያነሣ ሰው በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው እሱ ራሱ ነው።

ማንም ስም አልጠራም። ሎይዞ ማሾፉን ተወ።

ያን ጊዜ ልጅቷ ተናገረች። ቃሉ እንደ ወንዝ ወረደ፤ ሄርሚና ውስጡ ቆማ በጆሮዋ ታጠምድ ጀመር። ክሮን አልመጣም። ሃግ አልመጣም። ዊች አልመጣም። ትንሿ ጣት ወደ እሷ ተቀሰረችና አንድ ቃል ጥርት ብሎ መጣ፤ ኦልድ ሌዲ። ልጅቷ እናቷን የምትጠይቅ ትመስላለች። ራድካ ስትመልስ ከነገሩ ሁሉ ሄርሚና የለየችው ሉቺያ የሚለውን ብቻ ነው።

ኦልድ ሌዲ። ወንበር የሚለቁላት። አውቶቡስ ተሳስታ የወረደችው፣ ስሟን ማንም ያልጠየቃት ሴትዮ። ሄርሚና ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር። ስትሪጋ ተብላ ብትሰማ፣ ቢያንስ በዚህ ቤት ሲያወሩኝ ኖረዋል፣ ስሜ እሳት ነበረው ብላ ትወጣ ነበር። ለዚህኛው ግን አልተዘጋጀችም።

ልጅቷ ከወንበሩ ወርዳ መጣች። አልፈራችም። አንገቷን ቀና አድርጋ ዱቄቱን አየች። ሄርሚና ጎንበስ ብላ ክንፉን በግንባሯ፣ በጉንጯ፣ በዚያ በሽቴፋን ጆሮ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው። ልጅቷ አስነጠሳትና ሳቀች። የሹራቧ የላይኛው ቁልፍ ተፈትቶ ነበር። ሄርሚና ክንፉን ምድጃው ቆሞበት በነበረው ጥግ፣ አሁን ሶፋ ባለበት፣ አኖረችና በሁለት እጇ ቁልፉን ቆለፈችላት። ያደረገችውን ያወቀችው ካደረገችው በኋላ ነው። ጣቶቿ የልጅቷን አገጭ ነክተው ነበር።

የቤታ ክንፍ ትከሻዋን መታት። ሦስቱም ወጡ።

የቀሩትን ቤቶች ሄርሚና በአንሶላዋ ጫፍ ነበር የጠረገችው።

ኦርሹላ ወጥ ቤት ውስጥ ፊታቸውን በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ቤታ ጠየቀቻት። "ምን አለችሽ? እኔ እንደሆን አይገባኝ።"

"ኦልድ ሌዲ።"

"እኔን ያልሽኝን? ክፉ ነው እንዴ?"

"ክፉ አይደለም። ጨዋ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ዱቄት ነው" አለች ሄርሚና፣ ፊቷን ሁለተኛ ጊዜ እየታጠበች።

በማግስቱ ጠዋት ጭሱ ከወትሮው ቀድሞ ወጣ። ሄርሚና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አየችው። ድንች ልትልጥ ቢላዋ ብታነሣም አንዱን ድንች ይዛ ቀረች። ሐሳቧ ከልጅቷ አገጭ አልተነሣም። ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሙቅ? ጣቷ አልያዘውም። ቁልፉን በማሰብ ላይ ስለነበረች አገጩን አላስተዋለችውም፤ ይሄ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ቀና ስትል ከአጥሯ በር ውጭ ሁለት ሰዎች ቆመው አየች። አላንኳኩም። አንደኛው ረጅም፣ አንደኛዋ አጭር፤ አጭሯ ቀይ ኮፍያ ደፍታ ነጭ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋለች። መቼ እንደመጡ አታውቅም። በኮፍያው ላይ የተኛው በረዶ ግን ትንሽ አልነበረም።

ሄርሚና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። እበሩ ደረስ ብላ ቆመች፤ አጥሩ በመካከላቸው ነው።

ሎይዞ አይኑን በረዶው ላይ ተክሎ ተናገረ። "ትናንት ሉቺያዎች መጥተው ነበር። አንዷ ክንፏን ረስታ ሄደች። የማን እንደሆነ ምናልባት አንቺ ታውቂ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ጠይቄ ባለቤቷን አገኛታለሁ" አለች።

"እሺ።"

 ልጅቷ ሉቺያ እንደማትናገር አስረድተዋት መሆን አለበት፣ ከንፈሮቿን አጥብቃ ገጥማለች።

"የጓዳውን ደፍ አንሥቼዋለሁ" አለ ሎይዞ። "ያኔውኑ፣ ከምድጃው ጋር።"

"ሰምቻለሁ።"

የሎይዞ አፍ ጥግ ሊነቃነቅ ሞከረ፣ ተመለሰ። "እኔ አሁንም እግሬን አነሣለሁ። ዳሪና ትስቅብኛለች።" ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። "የምድጃው ሸክላዎች አልተጣሉም፣ እማዬ። ጎተራ ውስጥ ናቸው። ጨርቅ አልብሻቸዋለሁ። ልነግርሽ... እንዳታንኳኩ ብለሽ ነበር።"

 ሄርሚና የአጥሩን በር መቀርቀሪያ ከፈተች፤ ብርዱ አጣብቆት ስለነበር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ሎይዞ አልተንቀሳቀሰም። እጁን የልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ገፋ አደረጋትና፣ "ሂጂ አይቪ" አላት። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሱ ቋንቋ፣ ለልጅቷ አዲስ እንዳልሆነ ሁሉ፣ "ለስታርካ ስጪያት" አለ።

ስታርካ የሚለው ቃልም ለልጅቷ አዲስ አልሆነባትም። ወደ ማን እንደምትሄድ ሳትጠይቅ በረዶውን እየረገጠች መጣችና ክንፉን ዘረጋችላት።

ሄርሚና ተቀበለች። እንግሊዞች አሮጊትን የሚጠሩበትን ሁሉ ታውቃለች፤ ጨዋውን፣ ክፉውን፣ የዓሣውንም። "ግቢ" እንዴት እንደሚባል ግን አታውቅም። "በርዶሽ ይሆናል" እንዴት እንደሚባል አታውቅም። "እስከ ሦስቱ ነገሥታት ስንት ቀን ቀረ" እንዴት እንደሚባልም አታውቅም። ስለዚህ ወደ ጎጆዋ ተራመደች፤ በሩን ገርበብ ካለበት ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ጉልበቷ እያቃሰተ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጫማ በረዶ በክንፉ ጠረገችላት፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

የእህቷ ጎጆ ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ የድሮ ሰው የሠራው ነው። ልጅቷ ልትደናቀፍ ስትል ሄርሚና የልጅቷን ጉልበት በክንፉ ጫፍ ነካ አድርጋ የራሷን እግር ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ልጅቷ አየቻት። እሷም እግሯን አነሣች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሽመላ፤ ተሻገረችም።

ሎይዞ አጥሩ ጋ ቆሞ ቀረ፤ እጆቹን ኪሱ ከቶ ወደ ሸለቆው፣ ወደ ራሱ ቤት ጭስ ያያል። ሄርሚና አልጠራችውም። ቃሏን ከሰጠች ሰባት ዓመት አልፎታል፤ በአንድ ጠዋት አይነቀልም። ነገር ግን ልጅቷን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ እንጨት ስትጨምር፣ ያን የመሰለ ብርድ እየገባ፣ በረዶው ደፉን አልፎ ወለሉ ላይ እየተበተነ፣ በሩን አልዘጋችውም።